ሳይመሽ እንጠይቅ፦ የአሮጌ ዕቃዎቻችንን ሙያ ከመረሳት ለማዳን የቀረበ ጥሪ

የቆየ ቤት ሲፈርስ፣ የአያት ንብረት ሲከፋፈል ወይም ቤተሰብ ጠቅልሎ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ከጓዳውና ከቆጡ ብዙ ነገር ይወጣል። ምጣዱና ጀበናው አያከራክሩም። ከሥር ግን አንድ የብረት ቀለበት፣ ጫፉ የተበሳ ቀንድ፣ እንደ ቀስት የተለመጠ እንጨት፣ ከብዙ መታሸት የተነሳ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይገኛል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይባላል። ትልልቆቹ ካሉ መልስ ይመጣል። ከሌሉ ብረቱን ቆራሌው ይወስደዋል፣ እንጨቱ ምድጃ ይገባል፣ ቀንዱ የሕፃን መጫወቻ ሆኖ ይሰበራል። ከዕቃው ጋር ስሙ፣ አያያዙና ሲሠራበት የኖረው ሙያ አብረው ያልቃሉ።

ይህ ጽሑፍ ጥሪ ነው። በየቤታችን፣ በየአጥቢያችንና በየትምህርት ቤታችን አገልግሎታቸው እየተረሳ ያሉ ዕቃዎች አሉ። የተጠቀሙባቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ምን እንደነበሩና እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቀን እንመዝግብ። ይህን ሥራ ለሙዚየም ባለሙያዎች ብቻ የተውነው እንደሆነ አይደርሱበትም፤ ዕቃው ያለው በእኛ ጓዳ፣ ዕውቀቱም ያለው በእኛ አያቶች እጅ ነውና።

ቀንድን ለምሳሌ እንውሰድ። ሦስት የከብት ቀንዶች አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ለብዙዎቻችን ሦስቱም ያው ቀንድ ናቸው። ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ግን የሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ አርፎባቸዋል። የመጀመሪያው አፉ ሰፊ ነው፤ ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ ከብዙ ዓመት አገልግሎት የተነሳ ልሟል፣ የታችኛው ጫፉም ተደፍኖ መቆሚያ ተበጅቶለታል። ይህ ጠጅ የተጠጣበት ዋንጫ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ሹል ጫፉ አልተነካም፣ ውስጡም ጥቁር ወይም ቀይ ዝቃጭ ደርቆበታል። ይህ የጸሐፊ የቀለም ቀንድ ነው። ሹልነቱ ያልተነካው መሬት ላይ ተተክሎ እንዲቆም ነው፤ ብራና የሚጽፈው ሰው ጥቁሩንና ቀዩን ጎን ለጎን ተክሎ ብርዑን እያጠቀሰ ይጽፋል።

ሦስተኛው ቀንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ሰፊው አፉ ደግሞ ዙሪያውን ተስተካክሎ ተቆርጧል። ልጅ ካገኘው ጥሩምባ መስሎት ይነፋዋል። ይህ ቀንድ ግን የሚሳብበት እንጂ የሚነፋ አይደለም፤ ዋግምት ነው። የባህል ሐኪሙ የታመመውን ቦታ በምላጭ በጥቶ ቀንዱን ይደፋበታል፣ በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፉ ይስባል፣ ወዲያው ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። ቀንዱ ቆዳውን አጥብቆ ይይዝና ደሙን ይስባል። አፉ ዙሪያውን የተስተካከለው አየር እንዳያስገባ ነው። እንግዲህ አንዱ የድግስ፣ አንዱ የመጽሐፍ፣ አንዱ የሕክምና መሣሪያ ነው። ይህን የሚነግረን ሰው ካለፈ ሦስቱንም «የጥንት ቀንድ» ብለን ግድግዳ ላይ እንሰቅላቸዋለን።

ከጥጥ ሥራም እናንሳ። አንድ ጠፍጣፋ ለስላሳ ድንጋይና አንድ ድቡልቡል የብረት ዘንግ ለየብቻ ቢገኙ ዝምድናቸውን የሚገምት ጥቂት ነው። መዳመጫ መሆናቸውን የሚያውቁ እናት ፊት ሲቀርቡ ግን ማብራሪያ እንኳ አያስፈልግም፤ እናት ቁጭ ይላሉ፣ ጥቂት ጥጥ ከነፍሬው ድንጋዩ ላይ ያኖራሉ፣ ብረቱን በመዳፋቸው ተጭነው ወደፊት ያንከባልሉታል። ፍሬው ከብረቱ ፊት ተገፍቶ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ቀጥሎ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ልቃቂቱ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ብረቱን ምን ያህል መጫን እንደሚገባ የሚያውቀው መዳፍ ነው። ከበዛ ፍሬው ይደቅና ጥጡን ያቆሽሻል፤ ካነሰም ፍሬው አይለቅም። ይህን ልክ ከዕቃው ብቻ ማንበብ አይቻልም፤ ከምትሠራው ሴት እጅ ማየት ያስፈልጋል።

የእርሻ ዕቃውም እንዲሁ ነው። ሞፈርና ቀንበርን በዘፈንም በተረትም ስለምንሰማቸው ስማቸው አልጠፋም። ድግርን ግን ስንቱ የከተማ ልጅ ያውቀዋል? ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆነው አፈሩን ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚገፉት ሁለቱ ጠፍጣፋ እንጨቶች ናቸው። ወገል ደግሞ የማረሻውን ዕቃ አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ወገል ብቻውን አፈር ውስጥ ቢገኝ ምኑም ማረሻን አይመስልም። የአንድ ወረዳ ገበሬ ድግሩን ከሌላው ወረዳ ለየት አድርጎ የሚጠርበው በአፈሩ ጠባይና በበሬው አቅም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን የሚነግረን ራሱ ገበሬው ነው።

ይህ ዕውቀት በዚህ ፍጥነት የሚጠፋው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የኑሮ ለውጥ ነው፤ በራሱ ክፋት የለውም። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እናቶቻችን ከመጅ ድካም ዐርፈዋል። ጀሪካን እንስራን ሲተካ የውሃ ቀጂዋ ወገብ ቀሎታል። ማንም ወደ ድካሙ ተመለሱ አይልም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የእኛ ቸልታ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አይጽፈውም። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን የነገሥታቱን ዘመቻና ሹመት በዝርዝር ጽፈው አቆይተውልናል፤ ጥጥ እንዴት እንደሚዳመጥ የጻፉት ግን እምብዛም ነው፤ በየቤቱ የሚታይ ነበርና ማን ይረሳዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጽሑፍ የሌለው ዕውቀት ከአንድ ትውልድ እጅ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም።

ይህ በሌሎች ሕዝቦችም ደርሷል። በጥንታዊቷ ሮም ግዛት ሰሜን ምዕራብ፣ ዛሬ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ብሪታንያ በሚባሉት አገሮች፣ ከነሐስ የተሠራ ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ 12 ገጽ ዕቃ ከመሬት ይወጣል። እያንዳንዱ ገጽ አምስት ማዕዘን አለው፣ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት ይለያያል፣ ገጾቹ በሚገናኙባቸው 20 ጫፎች ላይም ትናንሽ እንቡጦች ተተክለዋል። እስካሁን ከ100 በላይ ተገኝተዋል። ስለ መጀመሪያው የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1739 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም እንግሊዝ ውስጥ ሊንከንሻየር በተባለው አውራጃ አንድ ተገኝቷል። የሻማ ማስቀመጫ ነው ያለ አለ፣ የርቀት መለኪያ ነው ያለ አለ፣ የአምልኮ ዕቃ ነው ያለም አለ። ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ሮማውያን ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ግብርናና ስለ ምግብ ሳይቀር የጻፉ ሕዝብ ናቸው፤ ስለዚህ ዕቃ ግን አንዲት መስመር አልተገኘችም። በዘመኑ አንድ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎት ቢሆን ኖሮ ከ280 ዓመት በላይ ምሁራንን ባላከራከረ ነበር።

ከራሳችን አገር ደግሞ ተቃራኒውን ምስክር እናገኛለን። አፋር ውስጥ ጎና በተባለው ስፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያን መሣሪያ ጠርቦ የያዘውን እጅ ጠይቆ መረዳት አይቻልም። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ኮንሶ ላይ ግን በእኛው ዘመን በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ነበሩ። ተመራማሪዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ፣ እንዴት እንደሚጠርቡት፣ ከእንጨት እጀታው ጋር እንዴት እንደሚያያይዙት፣ ሲደንዝ እንዴት እንደሚያድሱት፣ መቼም እንደሚጥሉት ተመለከቱ። በዓለም ዙሪያ በየሙዚየሙ ያለውን የድንጋይ መፋቂያ ሲያዩ ጠራቢው ወንድ መሆን አለበት ብለው ሲገምቱ ለኖሩ ሰዎች የኮንሶ እናቶች በእጃቸው መልስ ሰጡ፤ ሴትም ድንጋይ ጠራቢ ናት፣ ሙያውም ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። የዓለም ሊቃውንት የተማሩት ከቆዳ ፋቂ እናቶች ነው። የእኛ አያቶች የሚያውቁት ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይገባናል።

እዚህ ላይ በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለ። ስለ አሮጌ ዕቃዎች ብዙ የሚያውቁት ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው ናቸው። እነዚህን ሰዎች ደግሞ ማኅበረሰባችን ለረጅም ዘመን በሥራቸው ሲሰድባቸው፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያገልላቸው ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ የበደሉን ስፋት ያሳያል። ልጅ በአባቱ ሙያ እንዲያፍር ከተደረገ መሣሪያውን ይደብቃል፣ ስሙንም አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ ወደ እነዚህ ቤቶች ስንሄድ እንደ ተማሪ እንሂድ፤ ባለሙያውን በማዕረግ እንጥራው፣ ጊዜውን እናክብርለት፣ ስሙንም እርሱ ከፈቀደ ከሥራው ጋር እንጻፍለት።

ሥራው እንዴት ይሠራ? ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይበቃዋል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ነገር ዕቃውን አለማጠብ ነው። ጥላሸቱ፣ የቅቤው ወዝ፣ የደረቀው ቀለም፣ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ዱቄት ምስክሮች ናቸው። ብረቱን በአሸዋ የፈገፈገ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ የቀባ ሰው ዕቃውን አሳምሮ ታሪኩን ፍቋል። የተሰበረም ካለ እንዳለ ይቆይ።

ቀጥሎ ዕቃውን ማየት ነው። የት ቦታ ላይ ይበልጥ ተበልቷል? እጅ የሚይዘው ወገን የትኛው ነው? ለአንድ እጅ ነው ለሁለት? የተጠገነበት ምልክት አለው? አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ያስጠገነው ዕቃ ተፈላጊ ዕቃ ነበር። ከዚያ ከአጠገቡ ማስመሪያ ወይም አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጦ ከፊት፣ ከጎንና ከሥር ፎቶግራፍ ማንሳት ያስፈልጋል። የት ቦታ፣ ከምን ጋር እንደተገኘም ይጻፍ፤ ከእንዝርት ጋር ተጠቅልሎ የተገኘ ብረት ከማረሻ ጋር ከተገኘው የተለየ ነገር ይናገራልና።

ሦስተኛውና ዋናው መጠየቅ ነው። ለአዛውንቱ «ይህ የጥጥ መዳመጫ ነው አይደል?» ብለን ከጀመርን በአክብሮት «አዎ ልጄ» ሊሉን ይችላሉ። ትልልቅ ሰዎቻችን እንግዳን ማሳፈር አይወዱም። ስለዚህ ዝም ብለን ዕቃውን በእጃቸው እናኑረው። ጣታቸው የሚያርፍበትን ቦታ፣ ዕቃውን የሚያዞሩበትን መንገድ እንመልከት። ብዙ ጊዜ አፍ ከመናገሩ በፊት እጅ ያስታውሳል። ፈቃዳቸውን ጠይቀን በስልክ እንቅረጽ፤ ከቻሉም ሠርተው ያሳዩን። ስሙን በአካባቢው አነጋገር እንዳለ እንጻፍ፤ ኦሮምኛም ይሁን ትግርኛ፣ ጉራግኛም ይሁን ሲዳምኛ፣ ባለቤቱ እንደሚጠራው ይመዝገብ። ማን ሠራው፣ ከምን እንጨት፣ በስንት ተገዛ፣ ሴት ነበረች ወንድ የሚሠራበት፣ ሲሠራበት ምን ይዜም ነበር፣ መቼ ቀረ፣ ምን ተካው? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ገጽ ይሞላሉ።

በመጨረሻም ለሌላ ሰው ማሳየት ይገባል። ሁለት አዛውንቶች የተለያየ መልስ ከሰጡ ሁለቱንም እንጻፍ፤ አንዱን መርጠን ሌላውን አንጣል። ጎጃም ያለው ዕቃ ሸዋ ላይ ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል። መልስ ካልተገኘም «አገልግሎቱ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ክብር ነው። የማያውቁትን ዕቃ በግምት ሰይሞ ለቱሪስት የሚሸጥ ሰው የሚያጠፋው ነገር ዕቃውን ካቃጠለው አይተናነስም፤ የሐሰት ታሪክ ከተለጠፈበት በኋላ እውነተኛውን ፈልጎ የሚሄድ የለምና።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነገር የተለየ ነው። መሠረት ሲቆፈር ወይም መንገድ ሲሠራ ጥንታዊ ዕቃ ከተገኘ ቁፋሮውን አቁሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን ይደነግጋል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። የእኛ ጥሪ ጓዳን ለመፈተሽ እንጂ መቃብርን ለመቆፈር አይደለም።

አሁን በየድርሻችን እንነጋገር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አያቶቻቸው ስትሄዱ ስልኩን ለጨዋታ ብቻ አትስጧቸው። አንድ ዕቃ መርጠው፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀው እንዲመለሱ አድርጉ። ለአዛውንቱም ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠየቅ ሰው ይከበራል።

መምህራን ሆይ፣ የታሪክና የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ የአንድ ዕቃ ታሪክ ጽፎ ቢያመጣ አንድ ክፍል በአንድ ወሰነ ትምህርት የአካባቢውን ዕቃ መዝገብ ያዘጋጃል። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ በየዓመቱም ይታደስ።

የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊድ አገልጋዮች ሆይ፣ በዕቃ ቤታችሁ ከመጻሕፍቱ ጎን መጻሕፍቱን የወለዱ መሣሪያዎች አሉ፤ የብራና መወጠሪያ፣ መፋቂያ፣ ማለስለሻ ድንጋይ፣ የቀለም ቀንድ፣ የቁርዓን ትምህርት የሚጻፍበት ሉህ። መጻሕፍቱ በብዙ ቦታ ተቆጥረዋል፤ መሣሪያዎቹ ግን ገና ናቸው። እነርሱንም ቁጠሯቸው።

የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በሰፈራችሁ የመጨረሻው ቀጥቃጭ፣ የመጨረሻዋ ሸክላ ሠሪ፣ የመጨረሻው ብራና ፋቂ ማን እንደሆነ አስታውቁ። ሰው ሲያርፍ ድንኳን ለመትከል የምንፈጥነውን ያህል ሰው በሕይወት ሳለ ለመጠየቅም እንፍጠን።

የሙዚየም ባለሙያዎች ሆይ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎችን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል፣ ከልደት እስከ ሞት፣ አደራጅቶ ማሳየቱ ለሌሎች ምሳሌ ነው። በየክልሉና በየዞኑ ያሉ ሙዚየሞችም በር ከፍተው ሕዝቡ የሚያመጣውን መረጃ ይቀበሉ። ዕቃውን መቀበል ባይችሉ እንኳ ፎቶግራፉንና ታሪኩን ይቀበሉ። መስታወት ውስጥ ስም አልባ ሆኖ የተቀመጠውንም ዕቃ በወር አንድ ቀን አውጥተው ለአካባቢው አዛውንቶች ያሳዩ።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ይህ ሥራ ርቀት አያግደውም። ከጎንደርና ከአካባቢው በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በ1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል በቀጥቃጭነት፣ በሸክላና በሽመና የታወቁ ነበሩ። ያን ጊዜ ወናፍ የነፉ፣ ሸክላ የተኮሱ አዛውንቶች ዛሬ በዚያ አገር ከተሞች ይኖራሉ፤ ጎንደር ላይ መልስ ያጣ ዕቃ እዚያ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ዋሽንግተንም ሆነ ሮም፣ ጅዳም ሆነ ዱባይ ያላችሁ ደግሞ እናታችሁ ስልክ ላይ ሲገኙ ከጤንነታቸው ቀጥሎ ስለ አንድ ዕቃ ጠይቋቸው፤ ሊጠይቋችሁ የመጡ እናትና አባትም ካሉ ዕድሉ ከፊታችሁ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ ተመራማሪ ዕድሜውን ቢጨርስ የአንድ አውራጃን ዕቃ አይፈጅም። እያንዳንዱ ቤት አንድ ዕቃ ቢመዘግብ ግን ሥራው በአንድ ዓመት ይገፋል።

ስለዚህ ቀጠሮ እንያዝ። ዓውደ ዓመት ሲመጣ፣ እንቁጣጣሽም ይሁን መስቀል፣ ገናም ይሁን ዒድ፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል። በመጪው በዓል ማዕዱ ከተነሣ በኋላ አንድ ዕቃ ከጓዳ ወጥቶ ለቤቱ ታላቅ ይሰጥ። አንድ ልጅ ይጠይቅ፣ አንድ ልጅ ይጻፍ፣ አንድ ልጅ ይቅረጽ። ጽሑፉ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከዕቃው ጋር በቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ሌላ ዕቃ ይውጣ። ይህን ማድረግ የማይችል ቤት የለም።